አልትራሳውንድ ኩላሊት ውስጥ ካልሲየም ሲያሳይ፦ የቱ ያሳስባል፣ የቱስ አያሳስብም?

አልትራሳውንድ ለመነሳት ዛሬ ደብረ ብርሃን ድረስ መምጣት ግድ አይደለም። በሰሜን ሸዋ ትናንሽ ከተሞች ያሉ ክሊኒኮችም ያነሳሉ። ሰው ለጨጓራ፣ ለወገብ ሕመም ወይም ለእርግዝና ክትትል ብሎ ይገባል። ሲወጣ ግን ስለ ኩላሊቱ የሚያወራ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ «ጠጠር»፣ «ካልሲፊኬሽን» (የካልሲየም ክምችት)፣ አንዳንዴም «ኔፍሮካልሲኖሲስ» ተብሎ ተጽፏል።

ከዚያ በኋላ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይመጣል። አንዱ «አሸዋ ነው፣ ውሃ ጠጣበት ይወጣል» ይላል። ሌላው «ኩላሊትህ ሊደክም ነው» ብሎ ያስደነግጣል። ወተት አቁም የሚልም አይጠፋም። ሁሉም የሚመክሩት ነጩ ነገር ኩላሊቱ ውስጥ የት ቦታ እንዳለ ሳያውቁ ነው። ቀጥሎ የሚደረገውን የሚወስነው ግን ቦታው ነው።

ምስሉ ላይ የሚታየው ምንድን ነው?

አልትራሳውንድ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ነው። ድምፁ ጠንካራ ነገር ሲመታ ተመልሶ ይመጣል፤ ስክሪኑ ላይም ደማቅ ነጭ ነጥብ ይሆናል። ከጠንካራው ነገር ጀርባ ድምፁ ስለማያልፍ ጥቁር ጥላ ይታያል። ነጭ ነጥብ ከነጥላው ከታየ ጠጠር ወይም የካልሲየም ክምችት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ችግሩ ጥላ የሌለው ትንሽ ነጥብ ላይ ነው። ኩላሊት መሃል ያለው ስብ ነጭ ሆኖ ይታያል። የደም ሥር ግድግዳም እንደዚያው። መጠኑ ከ5 ሚሊ ሜትር ባነሰ ቁጥር ስህተቱ ይበዛል። ከሲቲ ስካን ጋር ሲነጻጸር አልትራሳውንድ ብዙ ትናንሽ ጠጠሮችን ይስታል፤ ያያቸውን ደግሞ ከትክክለኛ መጠናቸው አተልቆ የመለካት ጠባይ አለው። ስለዚህ «2 ሚሊ ሜትር አሸዋ» የሚል ወረቀት ብቻውን በሽታ አይደለም። ምንም ሳያመው በዚህ ወረቀት ብቻ መድኃኒት ተጽፎለት የሚሄድ ሰው መብዛቱ ልክ አይመስለኝም።

ራጅ አብዛኛውን የካልሲየም ጠጠር ያሳያል፤ ከዩሪክ አሲድ (ሰውነት በሽንት ከሚያስወጣቸው ቆሻሻዎች አንዱ) የተሠራውን ግን አያሳይም። ሲቲ ስካን ሁለቱንም ያሳያል። ለጠጠር ፍለጋ ሲሆን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትም አያስፈልገውም። ግን ጨረር አለው፣ ዋጋውም ይከብዳል። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ትራንስፖርቱና ማደሪያው ይጨመርበታል። አልትራሳውንድ ላይ ትንሽ ነጥብ የታየበት ሰው ሁሉ ሲቲ ስካን ይነሳ ማለት አይቻልም። ሕመም፣ ትኩሳት፣ ሽንት ውስጥ ደም ወይም የኩላሊት ማበጥ ሲኖር ግን ወጪው ተገቢ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ቀዳሚው ምርመራ አልትራሳውንድ ነው።

የቱ ክፍል ውስጥ ነው ያለው?

የመጀመሪያው ቦታ ሽንት የሚጠራቀምበት ክፍት የኩላሊት ክፍል ነው። እዚያ ያለው ጠጠር ይባላል። ከ10 ጠጠር 8ቱ ገደማ ካልሲየም ያለበት ነው፤ በብዛት ካልሲየም ኦክሳሌት። ኦክሳሌት በብዙ አትክልቶች ውስጥ ያለ፣ ሰውነትም ራሱ የሚሠራው ንጥረ ነገር ነው። ጠጠር በቦታው ዝም ብሎ ከተቀመጠ ብዙ ጊዜ አያምም። ያ ሰው መሬት ላይ የሚያንከባልል ሕመም የሚመጣው ጠጠሩ ተነስቶ ወደ ፊኛ የሚወርደውን ቀጭን ቱቦ ሲዘጋ ነው።

ሁለተኛው ቦታ የኩላሊቱ ሥጋ ራሱ ነው። ኔፍሮካልሲኖሲስ የሚባለው ይህ ነው፤ የካልሲየም ጨው በኩላሊት ሥጋ ውስጥ መከማቸት። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በውስጠኛው የኩላሊት ክፍል ነው፤ በሁለቱም ኩላሊቶች ላይ ተመሳሳይ ሆኖ። ይህን ውሃ ጠጥቶ በሽንት ማስወጣት አይቻልም፤ ሥጋው ውስጥ ነውና። አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም። ዋናው ጥያቄ መነሻው ነው፦ ካልሲየሙ እዚያ እንዲከማች ያደረገው ምንድን ነው?

ሦስተኛው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያለ ጠባሳ ነው። የድሮ ኢንፌክሽን፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ግድግዳ ወይም ደም የፈሰሰበት ቦታ ሲድን ካልሲየም ይይዛል። ብዙው ጉዳት የለውም። እብጠት ላይ የታየ ከሆነ ግን ዕጢ አለመሆኑ መጣራት አለበት።

እዚህ ላይ የሳንባ ነቀርሳን አለመርሳት ነው። ቲቢ ኩላሊትንም ይይዛል፤ ሲቆይም ካልሲየም ያለበት ጠባሳ ይተዋል። ሰውየው ላያስለው ይችላል። ሽንቱ ውስጥ ነጭ የደም ሴል በተደጋጋሚ ይታያል፣ በተለመደው የሽንት ባክቴሪያ ምርመራ (ካልቸር) ግን ምንም አይበቅልም። «የሽንት ኢንፌክሽን ነው» እየተባለ አንቲባዮቲክ በየጊዜው የሚወስድ፣ ግን የማይሻለው፣ አልትራሳውንዱም አንዱ ኩላሊት ላይ ካልሲየም ያሳየበት ሰው ሽንቱ ለቲቢ ቢመረመር ጥሩ ነው።

ለምን ይከማቻል?

ሻይ ላይ ስኳር ሲበዛ ብርጭቆው ሥር ይቀራል። ሽንትም ውስጥ ካልሲየም፣ ኦክሳሌትና ፎስፌት ከሚሟሙት በላይ ሲሆኑ ይጠጥራሉ። ይህ የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ጨዎቹ ይበዛሉ፣ ወይ ውሃው ያንሳል። ሲትሬት የሚባል መከላከያም አለ። ካልሲየምን ይዞ እንዳይጠጥር ያደርገዋል። ሲትሬት ሲያንስ ጠጠር ይቀናል።

የሽንት አሲድነትም ለውጥ ያመጣል። ሽንት አሲድነቱን ሲያጣ ካልሲየም ፎስፌት በቀላሉ ይጠጥራል። ኩላሊት አሲድን ማስወጣት ሲያቅተው የሚመጣው ችግር (ሐኪሞች ሪናል ቲዩቡላር አሲዶሲስ ይሉታል) ከኔፍሮካልሲኖሲስ ዋና መነሻዎች አንዱ የሆነው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የእነዚህ ሰዎች ደም ውስጥ ፖታሲየም ያንሳል፤ ጡንቻቸው ይዝላል። ሲታወቅ በፖታሲየም ሲትሬት ወይም በቢካርቦኔት በደንብ ይታከማል።

ሌላው ዋና መነሻ አንገት ውስጥ ነው። ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ ፓራታይሮይድ የሚባሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት የሆኑ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። አንዷ ከልክ በላይ ከሠራች ካልሲየም ከአጥንት ይወጣል፣ ደም ውስጥ ይበዛል፣ በኩላሊት በኩል ይፈስሳል። አጥንት ይሳሳል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሰውየው ይደክመዋል፣ ጠጠርም ይመላለስበታል። ችግር ያለባትን ዕጢ በቀዶ ሕክምና ማውጣት አብዛኛውን ሰው ያድናል።

በእንቅርት በምትታወቅ አገር ደግሞ አንድ የተገላቢጦሽ ነገር አለ። እንቅርቱን (ያበጠውን የታይሮይድ ዕጢ) በቀዶ ሕክምና ያስወጣ ሰው እነዚህ ትናንሽ ዕጢዎች አብረው ሊጎዱበት ይችላሉ። ያኔ የደም ካልሲየሙ ይወርዳል፤ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ እጅ ይኮማተራል። ሕክምናው የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ክኒን ነው፤ አንዳንዱ ዕድሜ ልኩን ይወስደዋል። ክኒኑ ግዴታ ነው፣ በራስ ፈቃድ አይቆምም። ግን መጠኑ በየጊዜው ካልተለካ ትርፉ በሽንት ይወጣና ኩላሊት ውስጥ ይከማቻል። ቀዶ ሕክምናውን አዲስ አበባ አድርጎ የተመለሰ፣ ክኒኑን ከፋርማሲ እየገዛ ዓመታት የቆጠረ፣ ደሙን ግን ያላስለካ ሰው አልትራሳውንድ ላይ ካልሲየም ቢታይበት የመጀመሪያው ጥርጣሬ ይህ መሆን አለበት። ስለ አንገቱ ጠባሳ የሚጠይቀው ባለሙያ ካላገኘ ራሱ ይናገር።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ቫይታሚን ዲ፣ በብዛት የሚወሰድ የካልሲየም የጨጓራ መድኃኒት፣ በቀን ከ1 ግራም በላይ የሚወሰድ ቫይታሚን ሲ እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ። ቫይታሚን ሲ በሰውነት ውስጥ በከፊል ወደ ኦክሳሌት ይለወጣል።

መጨረሻው ኩላሊት እጥበት ነው?

ብዙውን ሰው የሚያስፈራው ይህ ነው። ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም፤ እጥበት ውድ ነው፣ በሳምንት በተደጋጋሚ መመላለስን ይጠይቃል፣ ቤተሰብ ያራቁታል። ግን ኩላሊትን በብዛት የሚያደክሙት የደም ግፊት፣ ስኳርና የኩላሊት ማጣሪያዎች ብግነት ናቸው። ትንሽ ጠጠር ያለበት ሰው ሁለት ኩላሊት ካለውና ቱቦው ካልተዘጋ ወደ እጥበት የመድረስ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው።

በተቃራኒው «ጠጠር ምንም አያደርግም» ብሎ መተውም ልክ አይደለም። ቱቦ ዘግቶ ለወራት የቆየ ጠጠር ሕመሙ ቢጠፋም እንኳ ኩላሊቱን ሊገድለው ይችላል። ሕመም መጥፋት ሁልጊዜ መዳን አይደለም። ኔፍሮካልሲኖሲስም ቢሆን ምክንያቱ ተገኝቶ ከታከመ አብዛኛው ሰው ኩላሊቱ ለረጅም ጊዜ ይሠራል፤ የተከማቸው ካልሲየም ግን ብዙ ጊዜ ምስሉ ላይ እንዳለ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት አልትራሳውንድ ላይ «አሁንም አለ» መባሉ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም።

«ክሬያቲኒንህ ኖርማል ነው» መባልም በልኩ መታየት አለበት። ክሬያቲኒን ኩላሊት የሚያስወጣው ቆሻሻ ነው፤ ደም ውስጥ ሲጨምር ኩላሊት እየደከመ መሆኑን ያሳያል። ግን አንዱ ኩላሊት ቢዘጋ ሌላው ይሸፍናል፤ ቁጥሩም ላይጨምር ይችላል። በሥጋው ውስጥ ካልሲየም ለታየበት ሰው የደም ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ቢካርቦኔትና የሽንት ምርመራ አብሮ መሠራት አለበት። ካልሲየሙ ከፍ ካለ የፓራታይሮይድ ሆርሞን ይለካል። ይህ ደምና ሽንት ለላቦራቶሪ በመስጠት የሚያልቅ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሁለተኛና ከሦስተኛ አልትራሳውንድ የበለጠ ይናገራል።

ውሃ፣ ላብና ጾም

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበርን ወርዶ 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለቱም ቦታ ለኩላሊት የየራሱ ፈተና አለው። ቆላው ላይ ማሾና ሽንኩርት ማሳ ውስጥ የሚውል ሰው ውሃውን በላብ ይጨርሰዋል፤ ሽንቱ ያንሳል፣ ይወፍራል። ደጋው ላይ ብርዱ ጥማት ያስረሳል። ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ሁለት ስኒ ቡናና አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቶ ሊውል ይችላል።

የሚፈለገው በቀን 2.5 ሊትር ያህል ሽንት ማውጣት ነው። ለዚህ ከዚያ በላይ መጠጣት ያስፈልጋል፤ ቆላ ላይ ደግሞ ይብስ። ማስረጃውም ጠንካራ ነው። ጣሊያን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት፣ ብዙ ውሃ እንዲጠጡ ከተደረጉት ባለጠጠሮች በ5 ዓመት ውስጥ የተመለሰባቸው 12 በመቶ ናቸው። እንደ ድሮው ከቀጠሉት 27 በመቶ ተመልሶባቸዋል። ሊትር መለካት ለሚከብደው ሰው የሽንቱ ቀለም ይበቃዋል፤ ቀኑን ሙሉ ነጣ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው።

ጾም ላይ ሁለት ሐሳብ አለ። አንደኛው ወገን በሁዳዴ 55 ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ መዋል ሽንትን ስለሚያወፍር ጠጠር ላለበት ሰው አይመከርም ይላል። ሌላው ወገን የጾም ምግብ ሥጋ ስለሌለው ለጠጠር እንዲያውም ይጠቅማል ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ረመዳን ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ውጤታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ለአብዛኛው ሰው ከጾም መፍቻ እስከ መኝታ በደንብ መጠጣት፣ ረመዳን ላይ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ መድገም ክፍተቱን ያጠብበዋል። ጠጠሩ የሚመላለስበት፣ አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው ወይም ክሬያቲኒኑ የጨመረ ሰው ግን ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ቢመካከር ይሻላል። ቤተ ክርስቲያንም ለሕመምተኛ መንገድ አላት።

የገብስ ውሃና ተልባ ለኩላሊት ጥሩ ናቸው ይባላል። በአብዛኛው የሚጠቅሙት ውሃ ስለሆኑ ነው፤ ሰውን ብዙ እንዲጠጣ ካደረጉት ምን ከፋ። ሎሚ ሲትሬት ስላለው እውነተኛ ጥቅም አለው። ጠጠር ያወጣል እየተባለ የሚጠጣው ቢራ ሽንት ያበዛል፣ ግን ዩሪክ አሲድን ይጨምራል፤ እንደ መድኃኒት የሚመከር አይደለም። አረቄ ደግሞ ሰውነትን ጭራሽ ያደርቃል። ምንነቱ ያልታወቀ የተቀቀለ ሥርና ቅጠል ግን ሌላ ነገር ነው። ራሱ ኩላሊትን የሚጎዳ ዕፅ አለና።

ወተት ይቁም ወይስ አይቁም?

ጠጠሩ ካልሲየም ነው፣ ወተት ካልሲየም አለው፣ ስለዚህ ወተት ይቁም። ክርክሩ ሲሰሙት ያሳምናል፤ ሐኪሞችም ለዓመታት እንዲሁ ይመክሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የጣሊያን ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳየ። ካልሲየም በሽንታቸው የሚበዛባቸው፣ ጠጠር የተመላለሰባቸው 120 ወንዶች ለሁለት ተከፈሉ። ካልሲየም ከቀነሱት 38 በመቶው በ5 ዓመት ውስጥ እንደገና ጠጠር ያዛቸው። ካልሲየሙን በመደበኛ መጠን ወስደው ጨውና ሥጋ ከቀነሱት ግን የተመለሰባቸው 20 በመቶ ናቸው።

ምክንያቱ አንጀት ውስጥ ነው። ከምግብ ጋር የገባ ካልሲየም ኦክሳሌቱን እዚያው ይይዘውና በሰገራ ይወጣል። ካልሲየም ከሌለ ኦክሳሌቱ ነፃ ሆኖ ወደ ደም፣ ከዚያ ወደ ኩላሊት ይሄዳል። የጾም በያይነቱን በዚህ ዓይን ማየት ይጠቅማል። ቆስጣና ቀይ ሥር ኦክሳሌት የሚበዛባቸው ናቸው፤ ሰሊጥም እንዲሁ። ወተት ደግሞ በጾም የለም። ካልሲየሙን በከፊል የሚተካው እንጀራው ነው፤ ጤፍ ከሌሎች እህሎች የተሻለ ካልሲየም አለው። ጠጠር የሚመላለስበት ሰው ቆስጣውን ቀቅሎ ውሃውን ቢደፋው ኦክሳሌቱ ይቀንሳል፤ በየቀኑ ባይበላውም ጥሩ ነው። የቀይ ሥርና የቆስጣ ጭማቂ «ለደም ጥሩ ነው» ተብሎ በየቀኑ መጠጣት ግን ለእንዲህ ያለ ሰው አይሆንም።

ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው ጨው ነው። ኩላሊት ጨው ሲያስወጣ ካልሲየምም አብሮ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በገጠር ወጡ ላይ ከሚገባው ሌላ ቡናውም በጨው የሚጠጣበት ቤት አለ። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት ይህ ብዙ ነው። ፋሲካ ላይ በአንድ ሳምንት በግ የሚያልቅበት አበላልም ዩሪክ አሲድንና ካልሲየምን ከፍ ያደርጋል።

ይህ ሁሉ ስለ ጠጠር ነው። የደም ካልሲየሙ ከፍ ያለ ወይም ቫይታሚን ዲ የበዛበት ሰው የካልሲየም አወሳሰዱን ሐኪሙ ነው የሚወስንለት።

ዝም ያለ ጠጠር ይውጣ?

ሐኪሞችም እዚህ ላይ ይለያያሉ። አሜሪካ ውስጥ ለሌላ ምርመራ ሲቲ ስካን የተነሱ 5,047 ምንም ያላመማቸው ሰዎች ሲታዩ 7.8 በመቶዎቹ ጠጠር ነበራቸው። በቀጣዮቹ 10 ዓመታት ያመማቸው ከባለጠጠሮቹ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ናቸው። ይህን ይዘው ብዙዎች መከታተል ይበቃል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሕክምና ርቆ ለሚኖር ሰው አስቀድሞ ማውጣት ይሻላል ይላሉ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሞላሌ ላይ ያለ ሰው ሌሊት ቱቦ ቢዘጋበት ምን ይሆናል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ለትንሽ፣ አንድ ቦታ ላይ ለተቀመጠ ጠጠር ክትትሉ ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። ለትልቅ፣ እያደገ ለሚሄድ ወይም አንድ ኩላሊት ብቻ ላለው ሰው ጠጠር ግን ርቀቱ መቆጠር አለበት።

ወደ ቱቦው የወረደ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። ከ10 ሚሊ ሜትር ያለፈው በራሱ የመውጣት ዕድሉ ትንሽ ነው። ሲወጣ በሻይ ማጥለያ ላይ እየሸኑ መያዝና ይዞ መምጣት ጥሩ ነው፤ ከምን እንደተሠራ ሲታወቅ ምክሩም ይስተካከላል። ለሕመሙ ዲክሎፌናክ በደንብ ይሠራል፤ ኩላሊቱ ቀድሞ ለተጎዳ ሰው፣ ለጨጓራ ቁስለትና ለነፍሰ ጡር ግን አደጋ አለው። ከፋርማሲ ገዝቶ ለሳምንታት መዋጥ አይገባም።

ጠጠር ያለበት ሰው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው፣ ሽንቱ ከቆመ ወይም ትውከቱ ውሃ እንኳ አላስቀምጥ ካለው እስኪነጋ አይጠበቅም። የተዘጋ ኩላሊት ውስጥ ኢንፌክሽን ሲገባ በሰዓታት ውስጥ ደም ይመርዛል። አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃውም፤ የተዘጋው ሽንት በቱቦ መፍሰስ አለበት። ስለዚህ ይህን መሥራት ወደሚችል ሆስፒታል ወዲያው ሪፈር ያስፈልጋል።

ልጆች ላይ ሲታይ

ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የቆዩ፣ ፉሮሴማይድ የተባለውን ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የወሰዱ ሕፃናት ላይ ኔፍሮካልሲኖሲስ ሊታይ ይችላል። ከብዙዎቹ ላይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በራሱ ይጠፋል። ከዚያ በላይ ዕድሜ ያለው ልጅ ሁለቱም ኩላሊቱ ላይ ካልሲየም ከታየበት ግን እንደ አዋቂ «ውሃ ይጠጣ» ብሎ መተው አይቻልም። ዕድገቱ የዘገየ፣ እግሩ የቆለመመ ወይም ሽንት የሚያበዛ ከሆነ በተለይ። ከመነሻዎቹ ውስጥ በዘር የሚተላለፉ አሉ። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ጉበት ኦክሳሌትን ከልክ በላይ የሚሠራበት በሽታ፣ ካልተደረሰበት በእርግጥም ኩላሊትን ያደክማሉ። እንዲህ ያለው ልጅ የልጆች ሐኪም ጋ መድረስ አለበት። በዘር የሚተላለፍ መሆኑ ከተረጋገጠም ወንድሞቹና እህቶቹ ምንም ባያማቸውም ይመርመሩ።